አባቶች የኅሊናን ቁስል ያውቁት ነበር

እህቴ፣ «የጥንት አባቶች ጭንቀትን ሁሉ የእምነት ማነስ ነው ይሉ ነበር?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ በፍጹም! የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የነበረውን የዮሐንስ አፈወርቅን ደብዳቤዎች አንብቢ። እ.ኤ.አ. በ404 ከቁስጥንጥንያ በአርመን አገር ኩኩሶስ ወደምትባል ሩቅ ከተማ ተግዞ በስደት ሳለ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስ ከጻፋቸው 17ቱ ደርሰውናል። እርሷ በሐዘን ተሰብራ ነበር። እርሱም የመንፈስ መሰበር ከሥጋ ሕመም ሁሉ የከፋ ስቃይ መሆኑን ነገራት። እስራኤላውያን ሙሴን መስማት ያቃታቸው መንፈሳቸው ስለ ተጨነቀ እንደሆነ፣ ኤልያስም ሞትን እስከ መለመን መድረሱን አስታወሳት። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል፤ የነቢዩን ድካም እንኳ አልሸፈነም። የራሱንም አልደበቀም፦ ክረምቱን በጭስ በታፈነ ቤት፣ ልብስ ደራርቦ፣ ከአልጋ ሳይወርድ፣ እያስመለሰውና እንቅልፍ አጥቶ ማሳለፉን ጽፎላታል። ደግሞም ሐኪምና መድኃኒት ችላ እንዳትል አጥብቆ መከራት፤ ለእርሱ የተላከለት መድኃኒት በ3 ቀን ውስጥ እንዳሻለው ሳይቀር ነግሯታል። አንቺንም «ጸልዪ እንጂ ሐኪም ምን ያደርግልሻል» የሚልሽ ካለ፣ እባክሽ ይህን አስነብቢው፤ የጀመርሽውንም ሕክምና አታቋርጪ።