ተሳቢው ምን ያህል ይክበድ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በበዓላት ሰሞን ከቤተሰቤ ጋር ወደ መንዝ ጓሳ ወይም ጣርማ በርን ወርደን ወደ ሸዋ ሮቢት እየሄድን ድንኳን ተክለን እናድራለን። ዕቃው ስለበዛብን በባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፓችን የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ብየዳ ቤት ላሠራ አስቤአለሁ። የመኪናው መመሪያ ፍሬን ላለው ተሳቢ እስከ 2,500፣ ለሌለው ደግሞ እስከ 750 ኪሎ ግራም ይፈቅዳል። በያጁ ግን «2 ቶን ተኩል የሚጎትት መኪና ይዘህ ለፍሬን ለምን ታወጣለህ?» አለኝ። የማንን ልመን? መንገድ ዳር ለመቆም ብንገደድስ?

መልስ፦ መመሪያውን ይመኑ። ሁለቱ ቁጥሮች የተራራቁት የሞተሩ ጉልበት ስለሚለያይ ሳይሆን ጭነቱን የሚያቆመው ፍሬን ስለሚለያይ ነው፤ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ክብደቱ በሙሉ በመኪናዎ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከ1,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ስለሚወርድ፣ እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ የሚወርድ ሹፌር የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ ፔዳሉን ቢረግጥም መኪናው እምቢ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ (እንደ ሁለተኛ ያለ ዝቅተኛውን) አስገብተው ሞተሩ እንዲይዝልዎት ያድርጉ፤ ፍሬኑንም በየመሐሉ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁት እንጂ ያለማቋረጥ አይርገጡት።

750 ኪሎ ግራም ማለት ተሳቢው ከነብረቱ፣ ከነጎማውና ከነጭነቱ ነው። ባዶው 350 ኪሎ ቢመዝን፣ 200 ሊትር ውሃ የያዘ በርሜል 200 ኪሎ፣ ድንኳን፣ ፍራሽና ማብሰያ 150፣ ማገዶ 100 ቢጨመሩ 800 ደረሰ፤ ከልኩ አለፈ ማለት ነው። ውሃውን እዚያው ደርሰው ቢሞሉ ግን 600 ብቻ ይሆናል። በግምት ከመሄድ ተጭኖ ያለቀውን ተሳቢ አንድ ጊዜ የመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ይሻላል። ሽቅቡም አይዘንጋ፤ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በደጋው ላይ መመሪያው የሚፈቅደውን ያህል መጫን አይመከርም።

አጫጫኑም ክብደቱን ያህል ያሳስባል። ከባዱ ዕቃ ታች ወለሉ ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይና ትንሽ ወደ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መጎተቻው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ለ600 ኪሎ ይህ 60 ኪሎ ሲሆን፣ መጎተቻው ከሚችለው ማለፍ የለበትም፤ ከፒክአፑ የመጫን አቅም ላይም ይቀነሳል። ክብደቱ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ ፍሬን በድንገት መርገጥም ሆነ ነዳጅ መስጠት አደጋውን ያባብሰዋል፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ይዘው እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ። መጎተቻው ቢላቀቅ ተሳቢውን ከመኪናው የሚያገናኘው ምሰሶ አስፋልቱን እንዳይወጋ ሁለት ሰንሰለቶች ከሥሩ ተጠላልፈው ይታሰሩ። ጣርማ በር ጉም ስለማያጣው የተሳቢው የኋላ መብራት፣ ስቶፕና ፍሬቻ ከመኪናው ጋር አብረው መሥራታቸውን ሳያረጋግጡ አይነሡ። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ስለሚያስፈልገው፣ ብየዳው ሳይጀመር የሚጠየቀውን ሁሉ ከትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ይወቁ።

መቆም ግድ ከሆነ መታጠፊያን ትተው ከሩቅ የሚታይ ሜዳማ ቦታ ይፈልጉ፤ የአደጋ መብራት ያብሩ፤ ቤተሰቡን ከመኪናው አውርደው ከመንገዱ ያርቁ። ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ከኋላ በርቀት፣ ከመታጠፊያ በኋላ ከቆሙ ደግሞ ከመታጠፊያው አስቀድመው ያኑሩ። ድንጋይ መደርደር በአገራችን የተለመደ ቢሆንም፣ ሹፌሩ ሳያነሳው ሲሄድ ለሌሊት ተጓዥ ወጥመድ ይሆናልና አልደግፈውም። የተሳቢውን ጎማ ለመቀየር ከመኪናው አያላቁት፤ የእጅ ፍሬን ይዘው የሌሎቹን ጎማዎች ታኮ ካደረጉ በኋላ ብቻ ክሪኩን ያስገቡ።