ደጃፍ በር አይደለም

ወንድሜ፣ «ደጃፍ ማለት በር ነው? ቃሉስ ከየት መጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፤ በዚህ ቃል ብዙ ተቆጥተውኛል። አያቴ በጠዋት «ደጃፉን ጥረግ» ሲሉኝ መድረኩን በመጥረጊያ ነካ ነካ አድርጌ ልሮጥ ስል፣ «አንተ ልጅ፣ ደጃፉን እኮ ነው ያልኩህ!» ብለው በእንዝርታቸው ከበሩ እስከ አጥሩ ጥግ ያሳዩኝ ነበር። ቁርበት ዘርግተው ፀሐይ እየሞቁ የሚፈትሉት፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ የመሸበት መንገደኛ ቆሞ «ቤቶች!» የሚለው እዚያ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ እግርህ የሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ደጃፍ ነው። «በሩን ዝጋ» ይባላል፤ «ደጃፉን ዝጋ» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

ቃሉ ከሁለት የተጋጠመ ነው፤ ደጅ እና አፍ። የጋን አፍ፣ የጎታ አፍ እንደምንለው ይህም የደጅ አፍ ነው። ደጅ ራሱ ከግእዙ «ዴዴ» የወረደ ነው። «ደ» ወደ «ጀ» መዞሩ እንግዳ አይሁንብህ፤ የግእዙ «እድ» እጅ፣ «ወላዲ» ወላጅ የሆኑት በዚሁ መንገድ ነው።

ደጅ ግን ከቤት አፍ ይሰፋል። «ደጅ ነው ያለው» ስንል ውጭ ነው ማለታችን ነው። ሹመት ፈላጊው ወይም የተበደለው ሰው ከጌታው ቤት ፊት ወራት ሙሉ እየቆመ ደጅ ይጠና ነበር፤ ዛሬ ለአንዲት ማኅተም ቢሮ ስንመላለስ የምንለውም ያንኑ ነው። የእኛው አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ከነጻነት በኋላ ያገኘው ማዕረግ፣ ደጃዝማች፣ ሲፈታ ደጅ አዝማች ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ደጀ ሰላም ከዚሁ ቤተሰብ ነው።

መድረክን ካነሳሁ አይቀር፣ ዛሬ ተናጋሪ የሚወጣበት ሆኖ ቀረ እንጂ ጥንቱን የበሩ ግርጌ ነው፤ በላይ ጉበን፣ በግራና በቀኝ መቃን፣ በታች መድረክ።

ልዩነቱ በገንዘብ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው። መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ለሱቅ ሳከራይ ውሉ ላይ «ተከራይ ደጃፉን በንጽሕና ይይዛል» ብዬ ጻፍሁ። ከወር በኋላ ብሄድ በሩ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፤ ፊት ለፊቱ የሸንኮራ ልጣጭ እስከ ጉልበት ተከምሯል። ተከራዩ የቀለሙን ደረሰኝ ይዞ ጠበቀኝ፤ ከኪራዩ ቀነስሁለት። አሁን ውል ስጽፍ «ከበሩ ፊት እስከ ቦዩ ያለውን ቦታ» እያልሁ አስረዝማለሁ።