ክዳኑን ሳትከፍቱ አትግዙ፦ የጥንት የኪስ ሰዓት ጥያቄዎቻችሁ

ለዚህ ዕትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ጥንት የኪስ ሰዓት ናቸው። አብዛኞቹ የሚጨነቁት ስለ ውጪው ነው፣ ወርቅ ነው አይደለም፣ ያብረቀርቃል አያብረቀርቅም። የኪስ ሰዓት ግን ዋጋው ያለው ውስጡ ነው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የኪስ ሰዓት ገዛሁ። ሻጩ ወርቅ ነው አለኝ። ማስረጃው ክዳኑ ውስጥ የተቀረጸው «14 ካራት፣ የ20 ዓመት ዋስትና» የሚል ጽሑፍ ነው። ቤት ገብቼ ሳየው ግን ቀፎው ላይ ያለው ቁጥርና ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር አይገናኙም። ማሽኑ ዋልተም ይላል፣ የአሜሪካ ሰዓት ፋብሪካ ስም ነው አሉኝ። ተሸወድኩ እንዴ? (አዲስ ሰብሳቢ)

መልስ፦ በወርቁ አዎ፣ በቁጥሩ አይደለም።

ከወርቁ ልጀምር። ቀፎ ላይ የዓመት ዋስትና ካየህ ሙሉ ወርቅ አይደለም ብለህ ጀምር። ያ ዋስትና ስለ ሰዓቱ አይደለም የሚያወራው። ቀፎው ሲሠራ ርካሽ ብረት መሃል ይገባና በሁለቱም በኩል ስስ ወርቅ ይለበጥበታል። «20 ዓመት» ማለት ልባጡ በአገልግሎት ብዛት ሳያልቅ ያን ያህል ይቆያል ማለት ነው፣ 14 ካራት የተባለውም ልባጡ ብቻ ነው። ማጉያ መነጽር ያዝና ማጠፊያው ጫፍ ላይ፣ ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ቀለበት ሥር፣ እጅ ብዙ የሚነካው ቦታ ላይ አተኩረህ እይ። ቀላ ያለ ወይም ነሐስ የመሰለ ብረት ብቅ ካለ ነገሩ አለቀ። በብር በኩልም ያው ተንኮል አለ። «ሲልቨሮይድ» ወይም «ሲልቨሪን» የሚል ካየህ ስሙ እንዳያታልልህ፣ ኒኬል የተቀላቀለበት ብረት ነው እንጂ ብር የሚባል ነገር የለበትም።

ቁጥሩ ግን አያሳስብህ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ማሽኑን አንድ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቀፎውን ሌላ። ገዢው ሱቅ ገብቶ የወደደውን ማሽን ከወደደው ቀፎ ጋር ያስገጥም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች መጀመሪያውኑም አይገናኙም። የሰዓቱን ዕድሜ የሚነግርህ ማሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው፣ ለዋልተም በዓመት የተደረደረ የቁጥር ሰንጠረዥ አለ። የቀፎውን ቁጥር ይዞ ዓመት የሚነግርህ ሻጭ ካጋጠመህ ሥራውን አያውቅም፣ ወይም አንተ እንደማታውቅ አውቋል።

አንድ ነገር ግን አጣራ። ማሽኑን ከቀፎው ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ቀፎው ጠርዝ ላይ ጭረት ይተዋሉ። አንድ ዓይነት ጭረት ብቻ ካለ ጥሩ ነው፣ አብረው ኖረዋል። ብሎን የሌለበት ቦታ ላይ ሌላ ጭረት ካለ ግን ይህ ቀፎ ድሮ ሌላ ማሽን ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ወርቁ ለብቻው ተሸጦ ማሽኑ በርካሽ ቀፎ ውስጥ የገባ ሰዓት በሽ ነው። ወንጀል አይደለም፣ ግን እንደ ሙሉ ሰዓት አይሸጥም።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ትልቅ የኪስ ሰዓት አለኝ። ስሞላው ይሠራል፣ ቆንጆ ይሄዳል። ግን ሰዓቱን ላስተካክል ስል መሙያው አይሳብም፣ ቆጣሪዎቹም ንቅንቅ አይሉም። በፒንሳ ልሳበው? (የአያቴ ልጅ)

መልስ፦ በፒንሳ? ኧረ በፈጠረሽ!

አያትሽ የባቡር ሰዓት፣ ማለትም የባቡር ሠራተኞች ይይዙት የነበረውን ዓይነት፣ ትተውልሽ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ሰዓቶች ሆን ተብሎ መሙያቸው ቆጣሪ እንዳያንቀሳቅስ ተደርገው ነው የተሠሩት። የፊቱን መስታወት ክፈቺ። በብዙዎቹ መስታወቱን የያዘው ክብ ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል። ከዚያ ጠርዙ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በ1 እና በ2 መካከል፣ ጥፍር የምታስገቢበት ቀጭን ብረት ታገኛለሽ። ቀስ አድርገሽ ወደ ውጪ ጎትቺው። አሁን መሙያውን ስታዞሪ ቆጣሪዎቹ ይሄዳሉ። ስትጨርሺ ብረቱን መልሰሽ ግፊው፣ መስታወቱን ከዚያ በኋላ ግጠሚ። ብረቱ ካልወጣ አትታገዪው፣ ለሰዓት ጠጋኝ ስጪው።

ለምን እንዲህ አስቸገሩት ካልሽ ታሪኩ አሳዛኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን በምትባል ቦታ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ተጋጭተው 8 ሰዎች ሞቱ። የአንደኛው ባቡር ነጂ ሰዓት 4 ደቂቃ ያህል ቆሞ ኖሮ ራሱ መልሶ ተነስቷል፣ ሰውዬው አላወቀም። ከዚያ በኋላ ዌብ ቦል የተባለ የክሊቭላንድ ሰዓት ነጋዴ የባቡር ሰዓቶችን እንዲቆጣጠር ተሾመ፣ ደንቡም እየጠበቀ ሄደ። የፊት ክዳን የሌለው፣ ቁጥሩ ጎላ ብሎ የሚነበብ፣ ማሽኑ ውስጥ ፍትጊያ የሚቀንሱ ቢያንስ 17 የሩቢ ድንጋዮች ያሉት፣ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ የማይዛነፍ ሰዓት ካልሆነ አይፈቀድም ተባለ። ያቺ ብረትም የመጣችው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው። ሠራተኛው ከኪሱ ሲያወጣው መሙያው ተስቦ ሰዓቱ ሳያውቅ እንዳይዛባበት ነው። ባለ መሳቢያ መሙያ ለለመደ ሰው ትሰለቻለች፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወዳቸው እነዚህን ሰዓቶች ነው።

ጥያቄ፦ ሰዓቴን ሞልቼ ሞልቼ እስከ መጨረሻው ስደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከልክ በላይ በመሙላቴ ተበላሸ አሉኝ። ሐቅ ነው ወይ? (አንድ አንባቢ)

መልስ፦ አይደለም፣ ይህን ያሉዎት ሰዎች ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ነው የደገሙልዎት። ሞላው መጨረሻ ላይ ደርሶ መቆሙ ጤነኛ ነገር ነው። ችግሩ ተሞልቶ አለመሄዱ ነው፣ ምክንያቱም ዘወትር ማለት ይቻላል የደረቀ ዘይትና ቆሻሻ ነው። አብዛኛው የጥንት የኪስ ሰዓት በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታል፣ በቀን 432,000 ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ በሙጫ ውስጥ ይሥራ ማለት ጭካኔ ነው።

የኋላ ክዳኑን ከፍተው ሰዓቱን በእጅዎ ላይ ቀስ ብለው ያዙሩት። የምትወዛወዘው ጎማ ትንሽ ሄዳ ደክማ ከቆመች ጽዳትና አዲስ ዘይት ይበቃዋል። ዘመም ብላ ከተንገዳገደች ግን ዘንጓ ተሰብሯል፣ ጫፉ ወፍራም ቢባል 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ አንዴ መውደቅ ይበቃዋል። ዘይት ራስዎ እንዳያንጠባጥቡበት፣ አደራ።

ጥያቄ፦ የብር ሰዓቴ ጠቁሯል። በማጽጃ ባሽው ምን አለበት?

መልስ፦ ተወው። የእንግሊዝ ብር ከሆነ ክዳኑ ውስጥ አንበሳ አለ፣ ብሩ 92.5 በመቶ ንጹሕ መሆኑን ይናገራል። መልሕቅ ካለበት በርሚንግሃም ከተማ ነው ብሩ ተፈትሾ ምልክት የተደረገበት፣ አጠገቡ ያለው ፊደል ደግሞ ዓመቱን ይነግርሃል። እነዚህ ምልክቶች ጥልቀት የላቸውም፣ በተፈተጉ ቁጥር ይጠፋሉ። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ላይ ቡናማ የሆነ ቀለም አለ። ድሮ በጨለማ ያበራ ነበር ይባላል። ልፋቀው?

መልስ፦ እንዳትነካው! ሬዲየም ሊሆን ይችላል። ብርሃኑ የጠፋው የሚያበራው ቀለም ስለተቃጠለ ነው እንጂ ሬዲየሙ አልሞተም፣ ግማሹ እንኳ እስኪያልቅ 1,600 ዓመት ይፈጃል። መስታወቱ እንደተዘጋ አስቀምጠው። ክፉው ነገር አቧራውን ወደ ውስጥ መተንፈስ ነው። ጠጋኝ ጋ ስትወስደው ሳይጠይቅህ ንገረው።

ጥያቄ፦ መሰብሰብ ልጀምር ነው። የመጀመሪያው ምን ይሁን?

መልስ፦ እየሠራ ያለ ዋልተም ወይም ኤልጂን፣ 15 ወይም 17 ድንጋይ። የሚያስቀና አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ዋልተም እስከ 1957 (እ.ኤ.አ.) 40 ሚሊዮን ገደማ ሰዓት ሠርቷል፣ ኤልጂን ደግሞ ከዚያም በላይ። መለዋወጫ ይገኛል፣ ጠጋኙም ያውቃቸዋል፣ ቁጥሩም ዓመቱን ይነግርሃል። በቁልፍ የሚሞሉትንና በውስጣቸው ጥቃቅን ሰንሰለት ያላቸውን ለጊዜው ተዋቸው። ያ ሰንሰለት ከተበጠሰ የሚጠግነው ሰው ፍለጋ ትንከራተታለህ። «ሁሉም ትንሽ ጥገና ነው የሚፈልጉት» ተብሎ በካርቶን የሚሸጠውንም አትንካ።

የፊት ክዳን ያለው ሰዓት ከገዛህ ስትዘጋው ቀጭ አታድርገው። መሙያውን ተጫን፣ ክዳኑን ግጠም፣ ከዚያ መሙያውን ልቀቅ። አለዚያ መያዣው ይበላና ክዳኑ መዝጋት ያቆማል።

ከሩቅ የምትገዛ ከሆነ የማሽኑን ፎቶ ጠይቅ። የፊቱንና የቀፎውን ብቻ ደጋግሞ የሚልክልህ ካለ «ክዳኑ አልከፈት አለኝ» ማለቱ አይቀርም። እንዴት እንደሚከፈት ንገረው፣ አሁንም ካልላከ ሌላ ሰዓት ፈልግ።