ፖሊሱ የት ነው የቆመው? ለጎንደር ወጣት ጋዜጠኞችና የሕግ ተማሪዎች

ይድረስ ለናንተ ለልጆቼ፤

ሰኔ በመጣ ቁጥር ከውጭ የሚተረጎመው ዜና አንድ ርዕስ አያጣም፦ «ፖሊስ ከተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ሰልፍ ታገደ»። ይህን ፒያሳ ላይ ሻይ እየጠጣ በስልኩ የሚያነብ ሰው ፖሊስ አካባቢው ድርሽ እንዳይል የተደረገ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ፖሊስ እንዲህ ባለ ሰልፍ ላይ በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ መንገድ ዘግቶ ሕዝብ ሲጠብቅ ነው። ሌላው እንደ ማንኛውም ቡድን በሰልፉ መሐል ሲራመድ ነው። ጠቡ በብዛት የሚነሳው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት የተከለከለው የትኛው እንደሆነ አጣሩ። ቀጥላችሁ የተከለከለው ሰውየው ነው፣ መለዮው ነው ወይስ መሣሪያው? ብላችሁ ጠይቁ።

የኒው ዮርክ አዘጋጆች በ2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖሊሶች በቡድን ሆነው እስከ 2025 በሰልፉ እንዳይራመዱ ወሰኑ። ጥበቃ የቆመውም በተቻለ መጠን ከሰልፉ ራቅ እንዲል ጠየቁ። 2025 ሲደርስ ክርክሩ ጠብቦ ጠብቦ ሽጉጥ ላይ ቆመ፦ አዘጋጆቹ መሣሪያ አትያዙ ሲሉ፣ የፖሊስ መምሪያው ደንብ ደግሞ መለዮ የለበሰ መኮንን እንዲታጠቅ ያዛል። በመሐል ተጨንቀው የቀሩት ራሳቸው ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ የሆኑ ፖሊሶች ናቸው፤ ማኅበራቸው ከ1982 ጀምሮ ያለ ነው። «ፖሊስ እና እነሱ» ብሎ ሁለት ወገን ብቻ የሚያይ ዘገባ እነዚህን ይውጣቸዋል።

ቂሙ ከየት መጣ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ አይቻልም። ሰልፉ ራሱ የተወለደው ሰኔ 1969 ኒው ዮርክ ውስጥ ፖሊስ ስቶንዎል የተባለውን መጠጥ ቤት ሲፈትሽ ከተነሣው ግጭት ነው። የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነር ይቅርታ የጠየቁት ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው። ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ በ1981 ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች የሚገናኙባቸው የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች በአንድ ሌሊት በፖሊስ ተወረው 300 ያህል ሰው ታሰረ። አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ላይ ደግሞ በ1978 በመጀመሪያው ሰልፍ 53 ሰዎች ተያዙ። በ2024 እዚያው ሲድኒ አንድ በሥራ ላይ ያለ ፖሊስ ሁለት ወንዶችን ገድሏል ተብሎ ሲከሰስ፣ አዘጋጆቹ መጀመሪያ ፖሊሶች እንዳይሰለፉ ጠየቁ፤ ኋላ ሲቪል ለብሰው እንዲሰለፉ ተስማሙ። ያለ 1978 የ2024ቱ ድንጋጤ አይገባም።

የሲድኒውን ነገር ለናንተ ሙያ ስል ላቆየው። በ1978 የታሰሩትን ሰዎች ስም፣ አድራሻና ሥራ ጋዜጣ አትሞ አወጣው። ከሥራ የተባረረ፣ ከቤተሰቡ የተቆራረጠ ብዙ ነው። ጋዜጣው በ2016 ይቅርታ ጠየቀ። ያተመው ከፍርድ ቤት መዝገብ ያገኘውን ነበር፤ መረጃው እውነት መሆኑ የደረሰውን ጉዳት አላስቀረም።

በእኛ አገር ሕጉ ግልጽ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል። የሕግ ተማሪ ግን እዚህ ላይ አያቆምም። አንቀጹ የሚቀጣው የተፈጸመ ድርጊትን ነው፤ አለባበስን፣ አነጋገርን ወይም ሐሜትን አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 20 እስኪፈረድበት ንጹሕ ሆኖ እንዲቆጠር፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወቱ እንዲከበር ያዛል። «እከሌ እንዲህ ነው» ብሎ ፎቶ በቴሌግራም መልቀቅ የትኛውም አንቀጽ የሰጠው ሥልጣን የለም። ውጤቱም መንገድ ላይ ድብደባ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚጠየቀው ደብዳቢው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ስለ ፎቶ ካነሣን፣ ብዙው ስህተት እዚያ ነው። ፖሊስ ሰው ሲጎትት የሚያሳይ የድሮ ሥዕል ለዘንድሮ ዜና ይለጠፋል። ከተማውን ከመለዮውና ከመንገድ ምልክቱ፣ ዓመቱን ከመጀመሪያው አሳታሚ አረጋግጡ። ፖሊሱ አጥር ይዞ ዳር ቆሟል ወይስ ባነር ይዞ መሐል ነው የሚለውን ከሥዕሉ በታች ጻፉ። ዓመቱ ካልታወቀ ዜናው ያለ ፎቶ ይውጣ።