የድሮ ላፕቶፕ ስክሪን ጨልሞብህ ቦርዱን ራሴ ልሥራው ወይ ላልከው

ላፕቶፑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው፤ የጀርባ መብራቱን ቱቦ የሚያስነሳው ትንሽ ቦርድ፣ ኢንቨርተሩ፣ ገበያ ላይ የለም፤ ቱቦውን በኤልኢዲ ተክቼ ለሱ የሚሆን ቦርድ ራሴ ዲዛይን ባደርግስ ብለሃል። ይሆናል። እኔ ደሴ ፒያሳ ጥገና ቤት ሆኜ 3 ጊዜ አሠርቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይሳኩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ የስልክ መብራት አብራበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ፓነሉ ደህና ነው፣ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው። ኢንቨርተሩን ግን እየነካካህ አትለካው። ቱቦውን ሲያስነሳ ከ1000 ቮልት በላይ ነው የሚያወጣው።

የኔ ደንበኛ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነበር። የፋብሪካው ማሽን የሚገናኘው ሲሪያል ፖርት (የድሮ ዓይነት የገመድ መሰኪያ) ካለው ላፕቶፕ ጋር ብቻ ስለሆነ አሮጌውን መጣል አልቻለም። እንዲህ ያለ ምክንያት ከሌለህ በቅንነት ልንገርህ፣ ወጪው አያዋጣም። ሌላ የተበላሸ ላፕቶፕ ፈልገህ ኢንቨርተሩን ንቀልለት።

ኪካድ በሚባለው የቦርድ መሳያ ፕሮግራም ላይ ቦርዱን መሳል የአንድ ማታ ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ከማዘርቦርዱ የሚመጣው ገመድ ነው። ግራውንዱ፣ ኃይሉ፣ ማብሪያው፣ የብርሃን ማስተካከያው የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ለይ። ኃይሉን ቻርጀር ተሰክቶም ተነቅሎም ለካው። እኔን ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው። ቻርጀር ሰክቼ 19 ቮልት አየሁ፣ 3 ኤልኢዲ በተከታታይ የተያያዙበት ስትሪፕ ደግሞ ወደ 9.5 ቮልት ይበቃዋል፣ ስለዚህ ቮልቴጅ የሚቀንስ ቦርድ ሠራሁ። ጠረጴዛዬ ላይ እንዴት ያምር ነበር! ልጁ ኮምቦልቻ ወስዶት በማግስቱ ደወለ፦ «ባትሪው ሊያልቅ ሲል እንደ ሻማ ይርገበገባል።» ባትሪው ሲያልቅ ወደ 9 ቮልት ይወርዳል፤ የሚቀንስ ቦርድ ደግሞ ከሚገባው በላይ ማውጣት አይችልም።

በሁለተኛው ስትሪፑንም አብሬ ሠራሁት፣ 9 ኤልኢዲ በተከታታይ፣ ወደ 28 ቮልት። ባትሪውም ቻርጀሩም ሁሌ ከዚያ በታች ስለሆኑ ቦርዱ ሥራው ከፍ ማድረግ ብቻ ሆነ። ግን ኮኔክተሩን ገልብጬ ስዬው ነበር፤ ፒን 1 ሌላኛው ጫፍ ላይ ወጣ። ስሰካው ጠቅ አለ። ፊውዝ ባላስገባበት ኖሮ ማዘርቦርዱ አብሮ ይሄድ ነበር። 5 ቦርድ ከቻይና መጥቶ 5ቱም ከንቱ። ከዚያ ወዲህ ስዕሉን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትሜ፣ ቆርጬ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ውስጥ አስቀምጬ ገመዱን ሳላስጠጋ ቦርድ አላዝዝም።

የብርሃን ማስተካከያው ሽቦ ላይም ተጠንቀቅ። በአንዳንዱ ላፕቶፕ ፒደብሊውኤም ነው፣ ማለትም በጣም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ብርሃኑን የሚወስን ምልክት፤ በአንዳንዱ ቮልቴጁ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። መልቲሜትር ሁለቱንም አንድ አስመስሎ ያሳይሃል፣ ኦሲሎስኮፕ (የምልክቱን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ) ያለው ሰው ፈልግ።

የለካኸውንና የኮኔክተሩን ፎቶ እዚሁ ለጥፈው። ደሴ ብቅ ካልክ ከመሳቢያዬ ቦርዶች አንዱን ውሰድ፤ ፊውዙ ተቃጥሏል እንጂ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅልሉ) ደህና ነው።