ዶክመንቴሽኑን በምን ልጻፈው?

«ዘንድሮ በሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተመርቄአለሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የፋርማሲ መድኃኒት ክምችት መቆጣጠሪያ ነው። ያመለከትኩበት ድርጅት የጻፍሽውን ዶክመንቴሽን ላኪልን አለኝ። ያለኝ 64 ገጽ ወርድ ነው። ፒዲኤፍ አድርጌ ልላከው ወይስ በማርክዳውን እንደገና ልጻፈው?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። 64ቱን ገጽ ግን እንዳለ አትላኪ። የተጻፈው ለፈታኞችሽ ነው፤ ሽፋን፣ የምስጋና ገጽ፣ የጥናቱ ዓላማ እያለ ይሄዳል። ቀጣሪው ማየት የሚፈልገው ሶፍትዌሩን የማያውቅ ሰው ያንቺን ጽሑፍ ይዞ ሊያስነሳው መቻሉን ነው።

መጀመሪያ አንባቢሽን ለዪ። ፋርማሲስቷ ኮድ አታይም። ለእሷ ታትሞ ካውንተር ላይ የሚቀመጥ ሦስት አራት ገጽ ይበቃል፤ ይህ ፒዲኤፍ ይሁን። ኮዱን ለሚረከበው ፕሮግራመር ግን ማርክዳውን (አርእስትና ዝርዝር በቀላል ምልክት የሚለይበት ተራ ጽሑፍ) ይሻላል። ጆን ግሩበር በ2004 ሲያወጣው ሐሳቡ ጽሑፉ ወደ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) ሳይቀየርም ለዓይን እንዲነበብ ነበር። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ ግን ከኮዱ ጋር አብሮ ጊት (የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም) ውስጥ መቀመጡ ነው። ዶክመንቴሽኑ ላይ የዳታቤዙን ፖርት (የመገናኛ ቁጥሩን) ከ3306 ወደ 3307 ቀየርሽ እንበል። አሮጌው መስመር በቀይ፣ አዲሱ በአረንጓዴ ይወጣል። ኮድሽን የሚገመግመው ሰው ዶክመንቴሽኑንም እዚያው ያያል። ወርድ ላይ ጊት «ፋይሉ ተቀይሯል» ይልሻል፤ ምኑ እንደተቀየረ ግን አያሳይሽም።

ገጹ በመቶ ሲቆጠርና እርስ በርስ ማጣቀስ ሲመጣ ስፊንክስ የሚባል የዶክመንቴሽን ማዘጋጃ አለ። በ2008 የወጣው ለፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዶክመንቴሽን ተብሎ ነው፤ የሊኑክስ ከርነልም (የሊኑክስ እምብርት) ዶክመንቴሽን ዞሮበታል። ላንቺ ጥቂት ገጽ ግን ምን አለፋሽ!

አሁን ደግሞ ዶክመንቴሽን ማሰስ ልመጂ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ «ማን» የሚባል ትእዛዝ አለ (ሰው እየጠየቅሽ አይደለም፣ ስሙ ነው)። ከእሱ ቀጥለሽ «ፓስደብሊዩዲ» ብለሽ ከጻፍሽ ስለ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ትእዛዝ ይነግርሻል፤ መሀል ላይ 5 ቁጥርን ካስገባሽ በዚያው ስም ስላለው ፋይል። በስላሽ ትፈልጊያለሽ፣ ኤን ቀጣዩን ያመጣል፣ ኪው ያስወጣሻል። የፓይተን ዶክመንቴሽንን ደግሞ ሙሉውን አውርደሽ ላፕቶፕሽ ላይ አስቀምጪ። ዳታ ያለቀብሽ ቀን ታመሰግኚኛለሽ።

ይህን ጥቂት ቀን ከሠራሽበት ማንም ዶክመንቴሽንን ከላይ እስከ ታች እንደማያነብ በራስሽ ታዪዋለሽ። ሰው ቃል ይፈልጋል፣ አርእስት ይቃኛል፣ የፈለገውን አግኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ «ምዕራፍ ሁለት፦ አጠቃቀም» አትበዪ፤ «የመድኃኒት ማብቂያ ቀን እንዴት ይመዘገባል» በዪ። ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን የስሕተት መልእክት ደግሞ ቃል በቃል አስገቢ። ሲስተሙ እምቢ ያለው ሰው ፍለጋው ላይ የሚለጥፈው እሱኑ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ሪድሚውን (የፕሮጀክቱን መግቢያ ጽሑፍ) ጻፊ፤ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚጫን፣ ሲከፈት ምን እንደሚታይ። ከዚያ ፕሮጀክትሽን አይቶት ለማያውቅ ጓደኛሽ ስጪውና አጠገቡ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። አፍሽን እንዳትከፍቺ! «እዚህ ጋ ምን ላድርግ?» ያለሽን ቦታ ሁሉ መዝግቢና አስተካክዪ። ሲያልቅ የጊትሀቡን (ኮዱ የተቀመጠበትን ድረ ገጽ) ሊንክና የፋርማሲስቷን ፒዲኤፍ አብረሽ ላኪ።

64ቱን ገጽ ለእናትሽ ስጪያቸው። የምስጋናው ገጽ ላይ ስማቸው አለ አይደል?