ሙቀቱን የተሸከመው ማን ነው? ለጀማሪ ሞካሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

ማግኔታዊ ክሪስታሎችን ሳቀዘቅዝ ጸጉሬ ሸብቷል። ከእናንተ መካከል ዘንድሮ የመጀመሪያ ክሪስታላችሁን ሄሊየም ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስገቡ አላችሁ። መጽሐፍ ላይ ያለውን አልደግምላችሁም። መጽሐፉ በአንድ መስመር የሚያልፈውን፣ እኔን ግን ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያሳጣኝን ነገር ላጫውታችሁ።

ሙቀት ስሙ አልተጻፈበትም። ከክሪስታሉ አንድ ጫፍ የሰጣችሁት ሙቀት ሌላኛው ጫፍ ሲደርስ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው አይናገርም። ቴርሞሜትር የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ማግኔት ውስጥ ደግሞ ተሸካሚዎቹ ቢያንስ ሁለት ናቸው። አንደኛው ፎኖን ነው፤ የአቶሞቹ ንዝረት። ሁለተኛው ማግኖን ነው። በፌሮማግኔት ውስጥ ስፒኖቹ፣ ማለትም አቶሞቹ የያዟቸው ጥቃቅን ማግኔቶች፣ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል፤ አንዱ ትንሽ ዘንበል ሲል ጎረቤቱንም ይስበዋል፣ ጎረቤቱም ቀጣዩን። ነፋስ የገባበት የደረሰ ሰብል አይታችሁ ታውቃላችሁ? አገዳው ከቦታው አይነቃነቅም፣ ማዕበሉ ግን ማሳውን አቋርጦ ይሄዳል። ማግኖን እንዲያ ነው።

ሲቀዘቅዝ ሁለቱም ይሳሳሉ፤ አሳሳሳቸው ግን ይለያያል። የፊዚክስ ሊቁ ደባይ በ1912 እንዳሳየው የፎኖኖች ሙቀት የመያዝ አቅም በሙቀት መጠኑ ኪዩብ ልክ ይወርዳል። የፌሮማግኔት ማግኖኖችን ደግሞ ሌላው ሊቅ ብሎኽ በ1930 አስልቶ፣ በኪዩቡ (በሦስት) ፈንታ በሙቀት መጠኑ አንድ ተኩል ፓወር ልክ ሲሄዱ አገኛቸው። በጣም ሲቀዘቅዝ ሁለቱንም የሚያቆማቸው የክሪስታሉ ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ያኔ የሙቀት መጠኑን በግማሽ ብትቀንሱ ፎኖኖቹ የሚያሳልፉት ሙቀት 8 እጥፍ ይቀንሳል፤ ማግኖኖቹ የሚያሳልፉት 4 እጥፍ ብቻ፤ ፍጥነታቸውም አብሮ ስለሚወርድ ነው አንድ ተኩሉ ወደ ካሬ የሚሄደው። ስለዚህ በጣም ስትወርዱ ማግኖኑ ጎልቶ ይወጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ጎረቤት ስፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ በሚሰለፉበት በአንቲፌሮማግኔት ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ማግኖኑም እንደ ፎኖኑ በኪዩብ ነው የሚሄደው፤ ከከርቩ ቅርጽ ብቻ ልትለዩዋቸው አትችሉም።

ግድግዳ ያልኩትን በቀላሉ እንዳታዩት። የፊዚክስ ሊቁ ካሲሚር በ1938 እንዳስረዳው፣ በዚህ ቅዝቃዜ ፎኖን ሳይጋጭ የሚጓዘው ርቀት የናሙናው ውፍረት ያህል ነው። ወፍራሙ ክሪስታል ከቀጭኑ ይበልጥ ያስተላልፋል ማለት ነው፣ ያው ክሪስታል ሆኖ ሳለ። የገጹ ልስላሴም ለውጥ ያመጣል። ናሙናችሁን በደንብ ለክታችሁ፣ ገጹም እንዴት እንደተፋቀ መዝግቡ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ኋላ ግን ሌላ ቤተ ሙከራ ያገኘው ቁጥር ከእናንተው ሳይገጥም ሲቀር፣ መጀመሪያ የምትገልጡት ያንን የደብተራችሁን ገጽ ነው።

ታዲያ ማግኖኑን ከፎኖኑ እንዴት እንለየው? የሁላችንም መሣሪያ የማግኔት መስክ ነው። 1 ቴስላ (የመስክ ብርታት መለኪያ ነው) መስክ ማግኖን ለመፍጠር የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ኃይል፣ በሙቀት መጠን ስንገልጸው፣ በ1.34 ኬልቪን ያህል ከፍ ያደርገዋል። 10 ቴስላ ላይ ከ13 ኬልቪን ይበልጣል፤ ናሙናው 1 ኬልቪን ላይ ከተቀመጠ ማግኖን የሚባል ከሞላ ጎደል አይቀርም። ከመስኩ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት የማግኖኑ ድርሻ ነው ትላላችሁ። በ1956 የተገኘውና ዪግ በሚል አጭር ስም የሚጠራው የኢትሪየምና የብረት ጋርኔት በዚህ መንገድ ብዙ ተመርምሯል። ሲያዩት ንጹሕ ዘዴ ነው። እኔንም ያታለለኝ ንጽሕናው ነው።

ወጣት ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ቤተ ሙከራ፣ አንድ ክሪስታል 7 ቴስላ ውስጥ አስገብቼ የሙቀት አስተላላፊነቱ 20 በመቶ ሲወርድ አየሁ። ማግኖን! ጽሑፉን እንኳ ጀምሬ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነና፣ አንድ ሌሊት ማሞቂያውን አጥፍቼ ልወጣ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ማሞቂያው ጠፍቷል፣ መስኩ ግን አልወረደም። ሙቀት በማይፈስበት ክሪስታል ላይ ሁለቱ ቴርሞሜትሮች እኩል ማንበብ ነበረባቸው። በ2 ሚሊኬልቪን ይለያያሉ። እኔ ስለካ የምፈጥረው ልዩነት ራሱ 10 ሚሊኬልቪን ነው። ግኝቴ ያ ነበር። ቴርሞሜትሮቼ ትንንሽ የሩቴኒየም ኦክሳይድ ሬዚስተሮች ነበሩ፤ ያለ መስክ ነበር ያስተካከልኳቸው፤ መስክ ሲገባ ሁለቱም ተዛብተዋል፣ ያውም በተለያየ ልክ። ጽሑፉን ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ መስክ፣ በእያንዳንዱ የሙቀት መጠን፣ ማሞቂያውን አጥፍቼ ዜሮውን ሳላይ አንድም ነጥብ ለክቼ አላውቅም። ጊዜ ይፈጃል፤ አንዳንዴ ከመለካቱ በላይ።

ሌላም ወጥመድ አለ። መስክ ስትጨምሩ አስተላላፊነቱ ቢወጣስ? አዲስ ተሸካሚ ተፈጠረ ብላችሁ አትዝለሉ። ስፒኖች ሙቀት ይሸከማሉ፣ ፎኖንን ደግሞ ያደናቅፋሉ፤ ሁለቱም ሥራቸው ነው። መስኩ ስፒኖቹን ሲያስተኛቸው ፎኖኑ መንገዱ ይለቀቅለታል። በአንድ ክሪስታል ላይ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ መጀመሪያ መውረድ ኋላ መውጣት። ከርቩ የሁለት ተቃራኒ ነገሮች ቀሪ ሂሳብ ነው።

ጥንቃቄዬ የበዛ ከመሰላችሁ አንድ ታሪክ ልጨምር። ስፒኖቹ ቢቀዘቅዙም የማይሰለፉባቸው ማግኔቶች አሉ፣ ስፒን ፈሳሽ የሚባሉ። በእነዚህ ላይ ሰዉ የሚያደርገው አስተላላፊነቱን ለሙቀት መጠኑ አካፍሎ፣ ከሙቀት መጠኑ ካሬ አንጻር መሳል ነው። ፎኖን ብቻ ከሆነ፣ የሙቀት መጠኑ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መስመሩም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከዜሮ በላይ ከቀረ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ውስጥ እንደ ብረት ኤሌክትሮኖች የሚዘዋወር ሌላ ተሸካሚ አለ ማለት ነው። በ2010 ጃፓን ውስጥ ፓላዲየም ባለበት አንድ ኦርጋኒክ ጨው ላይ መስመሩ ከዜሮ በላይ፣ ያውም ብዙ በላይ፣ ሆኖ ተገኘ። ዓለም ተደነቀ። በ2019 ሁለት ሌሎች ቡድኖች ያንኑ ጨው ለክተው ምንም አላገኙም፤ ዜሮ። ልዩነቱ ናሙናው ከቀዘቀዘበት ፍጥነት የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። እኔ ለማንም አልፈርድም፤ ሁለቱም ወገን መለካት የሚያውቁ ናቸው። ግን ስንቶቻችሁ ናሙናችሁ በሰዓት ስንት ኬልቪን እንደቀዘቀዘ ጽፋችኋል? እኔ ለብዙ ዓመታት አልጻፍኩም ነበር።

አሁን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝን ላውጣው። ማሞቂያውም ቴርሞሜትሩም የሚነጋገሩት በዋናነት ከፎኖን ጋር ነው። ማግኖኑ ድርሻውን እንዲሸከም ሙቀቱን ከፎኖን ተቀብሎ፣ ቴርሞሜትሩ ዘንድ ሲደርስ መልሶ ማስረከብ አለበት። በጣም ሲቀዘቅዝ ያ ርክክብ ይዘገያል። ክሪስታሉ አጭር ከሆነ ማግኖኑ ሙቀቱን ሳይረከብ መንገዱ ያልቃል፤ እናንተም ማግኖን የለም ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ እርሱ ግን እዚያው ነበረ፣ የሚጭነው አጥቶ። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ግልጽ ነው፤ ረጅም ክሪስታል ወስዶ፣ በቴርሞሜትሮቹ መካከል ያለውን ርቀት እየቀያየሩ ያንኑ መለካት። አስተላላፊነቱ ከርቀቱ ጋር ከተቀየረ ነገሩ ርክክቡ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሞከርኩት፤ በመሐል መስኩ ክሪስታሉን ጠምዝዞ ሰበረው፣ ሌላ ያን ያህል ርዝመት ያለው አላገኘሁም። ስባሪዎቹ እስካሁን በመሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። ረዘም ያለ የሚያገኝ ካላችሁ፣ በደንብ አስራችሁ ሞክሩልኝ።